«ቲቸር፣ ይሠራል እኮ!»

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ ሳስተምር በየክፍሉ የምሰማትን አንዲት አባባል ይዤ መጥቻለሁ። «ቲቸር፣ ይሠራል እኮ!»

ተማሪው ኮዱን ያሳየኛል። ቫሪያብሎቹ፣ ማለትም ቁጥር ወይም ጽሑፍ የሚያስቀምጥባቸው ሣጥኖች፣ ስማቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። መስመሮቹ ተጨናንቀዋል። «ይሄ ኤ ያልከው ምንድን ነው?» ስለው ራን ያደርግና ውጤቱን ያሳየኛል። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ታዲያ ምን ልበለው?

ለረጅም ጊዜ መልሴ ማርክ ነበር። ለአጻጻፍ 10 ማርክ መደብኩ። ትምህርት ቤት እያለን ለደብተር አያያዝ ማርክ ይሰጠን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ደብተር የሚታይበት ቀን ሲደርስ ስንገለብጥ፣ ርዕሱን በቀይ እስክሪብቶ ስናሰምር እናመሽ ነበር። ማርካችንን አገኘን፣ በማግስቱ ወደ ድሮው። የእኔም ተማሪዎች ያንኑ አደረጉ። ኮዱን እንደመጣላቸው ይጽፉና ማስረከቢያው ሲደርስ ስም ይቀይራሉ፣ ስፔስ ያስተካክላሉ፣ በየመስመሩ ኮሜንት፣ ኮምፒውተሩ የሚያልፈው ለሰው የሚጻፍ ማስታወሻ፣ ይለጥፋሉ። ኤክስ ላይ 1 ከሚደምር መስመር በላይ «እዚህ ኤክስ ላይ 1 እንደምራለን» ብለው ይጽፋሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ንጽሕናው ለማን እንደሚጠቅም አላሳየኋቸውም። ለእኔ ብለው ነበር የሚያጸዱት።

ሐሳቤን የቀየረችው አንዲት ተማሪዬ ናት። እናቷ የእቁብ ጸሐፊ ናቸው፣ እሷ ደግሞ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሒሳቡን የሚሠራ ፕሮግራም ጻፈችላቸው። 18 ሰው፣ 18 እጣ፣ በሳምንት 1,000 ብር። 18ን ኤን በሚባል ቫሪያብል ያዘችው። ፕሮግራሙ ዙሩ እስኪያልቅ ያለ ችግር ሠራ።

አዲስ ዙር ሲጀመር አባላቱ 20 ሆኑ። አራቱ ግን ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ እጣ ነው የያዙት። ተማሪዬ ኤንን 20 አለችው። ፕሮግራሙ የሳምንቱ ገንዘብ 20,000 ብር ነው አለ። እናትየው ቆጠሩ፣ 18,000። ደግመው ቆጠሩ፣ ያው 18,000። እቁብ ላይ 2,000 ብር ጎደለ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ሰው እምነቱን ነው የሚያስቀምጠው።

ኮዱን ይዛ መጣች። አብረን ከፈትነው። ኤን ሰባት ቦታ አለ። የትኛው የሰው ቁጥር ነው? የትኛው የእጣ ቁጥር? ራሷ የጻፈችው ነው፣ ግን አታውቀውም። አንድ በአንድ እያነበብን ከፊሉን «አባላት»፣ ከፊሉን «እጣዎች» አልናቸው። ስማቸውን ለይተን እንደጨረስን ስህተቱ ራሱ ፊታችን ቆመ፤ ብሩን በአባላት ነበር የምታባዛው።

ከዚያ ወዲህ የአጻጻፍ ማርክ የለም። በምትኩ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ ተማሪዎች ኮድ ይለዋወጣሉ። የጓደኛህን ኮድ ትወስድና እሱ ሳይናገር ለእኔ ታስረዳኛለህ። የጻፈው ልጅ አጠገብህ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያ ዝምታ ከእኔ ስብከት የበለጠ ያስተምራል። ሁለተኛ፣ ከወር በፊት የጻፉትን አውጥተው አንድ ነገር እንዲጨምሩበት እጠይቃለሁ። በዚያን ጊዜ ኤ ምን እንደነበረ የሚጠይቁት ራሳቸውን ነው።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር፣ ፓይተን 3 ቫሪያብልን በግዕዝ ፊደል መሰየም ይፈቅዳል። መጀመሪያ ሳምንታት ላይ እንዲሞክሩት አደርጋለሁ፤ በአማርኛ ሲሰይሙ ነገሩን ያስቡታል። ሥራ ላይ ከውጭ ሰው ጋር ሲጽፉ እንግሊዝኛ እንደሚሆን እነግራቸዋለሁ። ግን አንድ ወጥመድ አለው። አንዱ መስመር ላይ «እጣ»፣ ሌላው ላይ «ዕጣ» ብትጽፍ ለእኛ አንድ ነው፣ ለፓይተን ግን ሁለት ስም ነው። ኢረር ይመጣል፣ ተማሪው ደግሞ አፍጥጦ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። በነገራችን ላይ ይህን ኢረር እወደዋለሁ። አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያ መጽናት ለምን እንደሚያስፈልግ የማስረዳው በእሱ ነው።

ስለ መስመር አሰላለፍ፣ ማለትም መስመሩን በስፔስ ወደ ውስጥ ገባ ስለማድረግ፣ ብዙ አልልም። ፓይተን ራሱ ያስገድዳል፤ ፔፕ 8 የሚባለው የአጻጻፍ መመሪያው ደግሞ 4 ስፔስ ይላል፣ ተቀበሉት፣ አለቀ። ሲ ቋንቋ ላይ ግን መስመሩ ገባ ማለቱን ኮምፒውተሩ አይቆጥረውም። በ2014 አፕል ላይ የደረሰውን ለተማሪዎቼ ሁሌ አሳያለሁ። ከአንድ «ኢፍ» («እንዲህ ከሆነ» ማለት ነው) በታች «ጎቱ ፌይል» የምትል፣ ቀሪውን ዘለህ ወደ መጨረሻው ሂድ የምታሰኝ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። ሁለቱን የኢፉ አድርጎ የሚያስር ቅንፍ የለም። ሁለቱም ገባ ብለው ስለተሰለፉ ለዓይን የኢፉ ይመስላሉ። ሁለተኛዋ ግን ሁልጊዜ ትሠራ ነበር። በዚህ ምክንያት የአፕል ስልክ በኢንተርኔት የሚገናኘው ሰርቨር (በሌላኛው ጫፍ ያለው ኮምፒውተር) እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ፊርማ ሳይመረመር ይታለፍ ነበር። ተማሪዎቼ ስህተቱን ሲፈልጉ አያለሁ። ብዙዎቹ ሁለት ሦስቴ አንብበው ያልፏታል።

ያቺ ተማሪዬ ባለፈው ሳምንት ደወለች። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ልትጽፈው ነው። ላፕቶፑን ከመክፈቷ በፊት ወረቀት ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ የሚያስፈልጓትን ስሞች ልትጽፍ። «ግማሽ እጣ የያዘ» ብላ ስትጽፍ እናቷ ከለከሏት። «እኛ እንደሱ አንልም፤ ተጣማሪ ነው የምንለው» አሏት።

ቫሪያብሉን «ተጣማሪ» አለችው። በሉ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ።