ቁመት የሚጨምረው ካርቲሌጅ ውስጥ ነው
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ስለ ቁመት ነው የምናወራው። ቁመት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው አጥንትን ነው። ግን ጠንካራ አጥንት አይለጠጥም። በልጅነት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ያለው ስስ የካርቲሌጅ ንጣፍ ነው። ካርቲሌጅ ማለት ያ ለስላሳው፣ ጆሯችሁን ስታጥፉት እጥፍ የሚለው ነገር። ንጣፉን የእድገት ንጣፍ እንበለው።

አሁን ኳስ አስቡ። የእግር ኳስ። ቆዳው ብቻውን ምንድን ነው? የተጨማደደ ነገር። አየሩስ ብቻውን? በኖ ይጠፋል። አየሩ ወደ ውጭ ሲገፋ፣ ቆዳው ሲይዘው፣ ያኔ ኳስ ይሆናል። ካርቲሌጅም እንደዚያው ነው። ቆዳው ዓይነት 2 ኮላጅን ነው፤ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የፕሮቲን ክር። በአየሩ ፋንታ ያለው ውሃ ነው። ውሃውን ስቦ የሚያስቀረው ደግሞ አግሪካን የሚባል ፕሮቲን። አግሪካን ላይ ብዙ የስኳር ሰንሰለቶች ተሰክተዋል፤ ውሃ የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ሁሌ የሚወራው ስለ ኮላጅን ብቻ መሆኑ ያናድደኛል! አግሪካን ሲበላሽም እኮ ቁመት ያጥራል። ኳሱ ያለ አየር ኳስ አይደለም።

እሺ፣ ሴል እንዴት እንደሚከፋፈል ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ፈጠን ልበል። የንጣፉ ሴሎች ይባዛሉ፣ ይደረደራሉ፣ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያብጣሉ። ዓይነት 10 ኮላጅን ያመርታሉ። ዙሪያቸው በካልሲየም ይጠነክራል፣ የደም ስር ይገባል፣ ቦታው አጥንት ይሆናል። ቁመት ተጨመረ።

ካርቲሌጅ ውስጥ ኮምፕ የሚባል ፕሮቲንም አለ። በጂን ለውጥ ምክንያት ቅርጹ ሲበላሽ ከሴሉ መውጣት ያቅተዋል። እዚያው ይጠራቀማል፣ ሴሉም ያለጊዜው ይሞታል። ልጁ ሲወለድ ቁመቱ ደህና ነው። እድገቱ ወደኋላ መቅረቱ የሚታየው መራመድ ከጀመረ በኋላ ነው።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጠይቁኝ ጥያቄ። «የኮላጅን ዱቄት ብጠጣ እረዝማለሁ?» አትረዝሙም። አንጀታችሁ ይፈጨዋል፤ አሚኖ አሲድና አጫጭር ቁርጥራጭ ይሆናል። ከዚያ ሰውነት «ይሄ ለቁመት የመጣ ነው» ብሎ ለይቶ ጉልበታችሁ አካባቢ ወዳለው ንጣፍ አይልከውም። የንጣፉን ኮላጅን የሚሠሩት እዚያው ያሉት ሴሎች ናቸው። «ብረት ላይ ብንጠለጠልስ?» እሱም አያስረዝምም።

በዚያ ላይ ንጣፉ በጉርምስና መጨረሻ ይዘጋል። የሚዘጋው ኤስትሮጅን፣ ያ የሴት ሆርሞን የሚባለው ነው፣ በወንዶችም ጭምር! እ.ኤ.አ. በ1994 ሐኪሞች የ28 ዓመት ሰው ታሪክ አሳትመው ነበር። የኤስትሮጅን ተቀባዩ፣ ማለትም የሆርሞኑን መልእክት የሚቀበለው ፕሮቲን፣ አይሠራም ነበር። ቁመቱ 204 ሴንቲሜትር ደርሶ ነበር፣ ንጣፎቹ ግን ገና አልተዘጉም ነበር፣ ያኔም እያደገ ነበር።

ስለዚህ የልጃችሁ እድገት ካሳሰባችሁ ገንዘባችሁን ዱቄት ላይ አታፍስሱ። ሐኪም ጋ ውሰዱት። የእጁ ራጅ ንጣፎቹ ምን ደረጃ ላይ እንዳሉ ያሳያል። በሚቀጥለው ቪዲዮ ይህንን እድገት ስለሚያዘገየው ኤፍጂኤፍአር3 ስለሚባለው ጂን እናወራለን፤ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ።