ሠላሳ ዓመትና 17 ታሪክ

(በድሬዳዋ ለወጣት ጸሐፍትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ወጣት ጸሐፍት፣ እንደምን አመሻችሁ!

ነገር ሳላበዛ ወደ አንድ ሰው ልውሰዳችሁ። ቴድ ቺያንግ ይባላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 አሜሪካ ውስጥ ተወለደ። የሚጽፈው ሳይንሳዊና ምናባዊ ልብወለድ ነው፤ ያውም አጭሩን። ከ1990 እስከ 2019 በቆየ ድካም ሁለት መድበሎች አሳትሟል። በሁለቱ ውስጥ ያሉት ታሪኮች ቢደመሩ 17 ናቸው። በእነዚህም የዘርፉን ታላላቅ ሽልማቶች፣ ሁጎንና ኔቡላን፣ እያንዳንዳቸውን አራት አራት ጊዜ ወስዷል።

ገና በጉርምስናው ታሪኮቹን ለመጽሔት መላክ ጀመረ፤ ለዓመታት ተመለሰበት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ። ከዚያም የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን አሠራር ለተጠቃሚ የሚያስረዱ ጽሑፎችን እየጻፈ እንጀራውን በላ። ወላጆች ይህችን ስሙልኝ፦ ልጃችሁ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢይዝ ብዕሩን ጣለ ማለት አይደለም። ጸሐፍት ደግሞ ይህችን ስሙ፦ ነገርን አጥርቶ የማስረዳት ልማድ በታሪኮቹ ሁሉ ይታያል።

በ1990 የወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀውን የባቢሎን ግንብ የሚመለከት ነው። ቺያንግ ግን ጡቡ እንዴት ወደ ላይ ይወጣል ብሎ ጠየቀ። ጋሪ ላይ የተጫነ ጡብ ጫፍ ለመድረስ አራት ወር ይፈጅበታል። ግንቡ ላይ ኖረው፣ በረንዳቸው ላይ አትክልት የሚያበቅሉ ቤተሰቦች አሉ። ጡብ ቢወድቅ ማንም አያዝንም። ግንበኛው ካዞላው ከእጁ ካመለጠች ግን ለቅሶ ነው፤ ሌላ እስኪመጣለት ለወራት ሥራ ፈትቶ በብድር መኖር አለበት። ሰማይ የሚደርስ ግንብ ማንም ያስባል፤ የግንበኛውን ዕዳ ያሰበው ግን እሱ ነው። በዚህ ታሪክ ኔቡላን አሸነፈ።

ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራንን ቋንቋ ስለምትማር ሴት ለመጻፍ ደግሞ አስቀድሞ ለዓመታት ስለ ሥነ ልሳን አነበበ። ታሪኩ በ1998 ታተመ፤ በ2016 ፊልም ሆነ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በ2003 ያደረገው ነው። አንድ ታሪኩ ለሁጎ ሲታጭ፣ በጥድፊያ የወጣና እንደፈለግኩት ያልሆነ ነው ብሎ እጩነቱን አልቀበልም አለ። ሽልማት ደጁ ድረስ መጥቶ እንዲህ የሚል ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

ወደ እኛ ልመለስ። ጎረቤታችን ሐረር፣ በጀጎል ግንብ ላይ፣ ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሏት። በአሹራ በዓል ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ከአበላላቸውም የመጪው ዓመት ዕድል ይነበባል። ይህን ይዞ ምናባዊ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጅቡን አናግሮ ብቻ አይለፍ። ገንፎውን ማን ያገነፋል? ጅቦቹ ሳይቀምሱት ቢሄዱ፣ በማግስቱ እህል ነጋዴው ዋጋ ይጨምራል? ሊዳር የነበረ ሰው ሠርጉን ያዘገያል? እነዚህን ጥያቄዎች እስከ መጨረሻ የተከተለ ጽሑፍ ባነብ ደስታዬ ወደር የለውም።

ድሬዳዋም የባቡር ልጅ ናት። እንደ ፈረንጆች በ1902 ሐዲዱ እዚህ ደረሰ፤ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደ እዚህ ከተማ ተቆረቆረ። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ቢሆንስ? ዛሬ የተቀመጥንበት ቦታ ላይ ማን ከብት ያሰማራል፣ ማን ያርሳል? ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ ገበያ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ቺያንግ ለዓመታት ከመጽሐፍ የለቀመውን ጉዳይ በጆሮው ይዞታል። እባካችሁ በዚህ ጻፉ። የውጭ ስም ያላቸው ገጸ ባሕርያት በማናውቀው ከተማ ሲሮጡ ማንበብ ይበቃናል።

አሁን የመጀመሪያዋ ወጣት የጻፈችውን ታነብልናለች። አድማጮች፣ ስትጨርስ ከጭብጨባችሁ ጋር አንድ ጥያቄ አቅርቡላት፦ በታሪክሽ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን ሠርተው ይበላሉ? መድረኩ ያንቺ ነው፣ ልጄ።