ሐረጎን የማይወጣው ባቡር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ደሴ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምቀርጸው። ውጭ ጉም ነው። ፊት ለፊቴ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሳነሳው ቢንኳኳባችሁ ይቅርታ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው መናኸሪያ ሄድኩ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሚኒባስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ሁለት ሰው ጎደለ። ረዳቱ "ኮምቦልቻ ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የሞላ!" እያለ ይጮሃል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሁለት ሰው። አጠገቤ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመዋል። ዞር አሉና "ልጄ፣ ያ ባቡር መቼ ነው የሚጀምረው?" አሉኝ።

"እንጃ አባባ" አልኳቸው።

"ቢጀምርስ ደሴ ይወጣል?"

"አይወጣም አባባ። በኮምቦልቻ ነው የሚያልፈው።"

"ታዲያ እኔና አንቺን ምን አገባን?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ለማያውቅ በአጭሩ ልናገር። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። ግንባታው የካቲት 2007 ዓ.ም ተጀመረ። ሥራውን የያዘው ያፒ መርከዚ የሚባል የቱርክ ኩባንያ ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ዋሻው ተፈልፍሎ፣ የሙከራ ጉዞ ሁሉ ተደርጎበት ነበር። ከዚያ የኃይል አቅርቦት ጉዳይ መጣ፣ የገንዘብ ጉዳይ መጣ፣ በ2014 ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ያኔ የሆነውን ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል፤ አልደግመውም።

ለምን ደሴ አይወጣም ለሚለው ግን መልስ አለው። እኔም ድሮ "ዘለሉን" እያልኩ አኩርፍ ነበር። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። ልዩነቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። የባቡር ጎማ ብረት፣ ሐዲዱም ብረት። ብረት ብረት ላይ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ሜዳ ላይ ብዙ ጭነት በትንሽ ጉልበት የሚጎትተው ለዚህ ነው። ዳገት ላይ ግን ብረት ብረትን አጥብቆ ስለማይዝ ይንሸራተታል፤ ጠላቱ ይኸው ነው። ከባድ ጭነት ለሚጎትት ባቡር በ1,000 ሜትር ጉዞ 20 ሜትር መውጣት ራሱ ትልቅ ዳገት ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ 600 ሜትር ለመውጣት 30 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት መንገድ በዚያ ሁሉ መጠማዘዙ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መኪናችንም ቢሆን እዚያ ጋ ሲያቃስት ሰምታችሁታል።

እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው ባቡር ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አልበገር አለ፣ ወጪውም ከበደ። በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቆመ። እዚያ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ከተማ ድሬዳዋ ናት። ሐረር ከላይ፣ ድሬዳዋ ከታች። ደሴ ከላይ፣ ኮምቦልቻ ከታች። የደሴ ልጅ ሆኜ ይህንን ስናገር ትንሽ ይተናነቀኛል። (ሳቅ) የኮምቦልቻ ልጆች እንዳትኩራሩብን!

አሁን ባቡር ደሴ ይውጣልን ብዬ አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ የባቡሩን ሰዓት የሚያውቅ አውቶቡስ። ባቡሩ 1 ሰዓት ከሩብ ኮምቦልቻ ከገባ፣ ወደ ደሴ የሚወጣው አውቶቡስ በሩን ከፍቶ እዚያው ጣቢያው ደጃፍ ይጠብቅ። ሲሞላ አይደለም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳ። ትኬቱም አንድ ይሁን።

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ብዙ ጣቢያ የሚበላሸው እዚች ላይ ነው። ድሬዳዋን እዩ። አሮጌው ጣቢያ መሃል ከተማ፣ ከዚራ ነው። አዲሱ የጅቡቲ መስመር ጣቢያ ግን ከከተማው ወጥቶ ነው የተሠራው። ናይሮቢም በግንቦት 2009 የተመረቀው አዲሱ ጣቢያ ከመሃል ከተማው ርቆ ሲዮኪማው አካባቢ ነው። እነሱ ግን አሮጌውን ጠባብ ሐዲድ አልጣሉትም። በእሱ ላይ የሚሄድ የከተማ ባቡር ተሳፋሪውን ከአዲሱ ጣቢያ ተቀብሎ መሃል ከተማ ያደርሰዋል። ዳሬሰላም ደግሞ ከሁሉም በልጣለች። በሰኔ 2016 ወደ ሞሮጎሮ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው መሃል ከተማ፣ ከአሮጌው ጣቢያ ጎን ነው። ያንን መስመር የሠራው ማን መሰላችሁ? ያው የኛው ያፒ መርከዚ። እዚያ ያበቃውን ሥራ እዚህ ሳስበው ሆድ ይብሰኛል፤ ግን ይሁን።

ሌላው የማስበው ስለ ትንንሾቹ ጣቢያዎች ነው። አሁን ያለው ሐሳብ ሁሉ ስለ ጭነትና ስለ ሩቅ መንገደኛ ነው። በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እኔ በሚኒባሱ በሳምንት አሥር ጊዜ ነው የምሳፈረው። ከመግቢያው እስከ ባቡሩ አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ የሚያብረቀርቅ አዳራሽ ቢሠሩልኝ፣ በሳምንት 50 ደቂቃ ሰረቁኝ ማለት ነው። አዳራሹ በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ ያምር ይሆናል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ሐርቡ ላይ አንድ ጣራ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ መብራትና ሽንት ቤት ይበቃል። ከሐርቡ፣ ከከሚሴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚመላለስ ስንት ሰው አለ! የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ከሐምሌ 2009 ወዲህማ በጨለማ መንገድ ዳር ቆመው መኪና የሚጠብቁትን ሴቶች አይቻለሁ። መብራት ያልኩት በነሱ ምክንያት ነው።

የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቆሞ ሲነሳ ቶሎ ፍጥነት ይይዛል። ችግሩ ሐዲዱ ነጠላ ነው። ሁለት ባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ፣ አንዱ ቆሞ ሌላውን ሲያሳልፍ ነው። የጭነት ባቡሩ ዘገየ ማለት የተመላላሹም ዘገየ ማለት ነው። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው ባቡር አምጡ የሚል ቅዠት የለኝም። በሰዓት አንድ ይምጣ፤ ግን ይምጣ።

እና ደግሞ እናቴ አለች። ጉልበቷ ነው። ሚኒባስ ላይ ስትሳፈር መጀመሪያ እጇን ለረዳቱ ትሰጣለች፣ ከዚያ "ቢስሚላሂ" ትላለች፣ ከዚያ እኔ ከኋላ እደግፋታለሁ። አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ የመኪናውን መወጣጫ በስንዝር ለካሁት። ሁለት ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር፣ መስከረም 2008 የጀመረው፣ በዚህ ይመሰገናል፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ግን እዚያ ወለል ላይ ለመድረስ አንዳንድ ጣቢያ ደረጃ መውጣት አለ። ከፍ ያለውን ጣቢያ ለእናቴ በስልክ ፎቶ አሳየኋት። የባቡሩን ቀለም አላየችም፣ ሕንጻውንም አላየችም። "ይሄ ሁሉ ደረጃ በእግር ነው የሚወጣው?" ነው ያለችኝ።

የጣቢያ ንድፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከመካከላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ጠዋት ኑና ከእናቴ ጋር እንሳፈር። ቡናውን እኔ እችላለሁ።

አዛውንቱን ትናንት መልሼ አገኘኋቸው። ሳስበው የሰነበትኩትን ነገርኳቸው፤ አውቶቡሱን፣ ትኬቱን፣ ሰዓቱን። ሰሙኝ ሰሙኝና "ሰዓቱን በትልቁ ይጻፉት፣ መነጽር የለኝም" አሉ። ያኔ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የሞላ!" እያለ ነበር።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ መሰለኝ። ትሰሙታላችሁ? ድምፁ ሳይበላሽ ልዝጋው። ደህና ሰንብቱ።