ውሃው ከመመለሱ በፊት

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። በሳምንት አንዴ የምታገኟትን እረፍት ትታችሁ ችግኝ ልትተክሉ እዚህ አቡ ዳቢ ጭቃ ዳር ቆማችሁ ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ አላወራም። ባሕሩ ሸሽቶ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

እስቲ አጠገባችሁ ካለው ዛፍ አንድ ቅጠል በምላሳችሁ ንኩ። ጨው ጨው ይላል አይደል? ይህ ማንግሮቭ ነው፤ እዚህ ቁርም ይሉታል። ከባሕሩ የሳበውን ጨው እንደ ላብ በቅጠሉ ያወጣዋል። ከጭቃው እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የወጡት ደግሞ ሥሮቹ ናቸው። ጭቃው ውስጥ አየር የለም፤ ዛፉ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። የዓሣ ጫጩት የሚደበቀውም በመካከላቸው ነው። ኤምሬትስ እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን ማንግሮቭ ለመትከል ቃል ገብታለች። የዛሬው የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ግን ድርሻ ነው።

እኔ ስለዚህ ዛፍ ሳስብ ልቤ የሚሄደው ምፅዋ አጠገብ ወዳለችው ሕርጊጎ ነው። ጎርደን ሳቶ የሚባል የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ልጅ ሳለ፣ በዘሩ ብቻ ከቤተሰቡ ጋር ካሊፎርኒያ በረሃ ማንዛናር ካምፕ ታስሯል። በኋላ ሕርጊጎ ላይ ለጀመረው ሥራ ያንኑ ስም ሰጠው፤ ማንዛናር።

ሳቶ አንድ ነገር አስተዋለ። በዚያ ዳርቻ ማንግሮቭ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ ነው። ሰው ሁሉ ዛፉ ጨው የሌለው ውሃ ፈልጎ ነው ይል ነበር። እሱ ግን ጎርፉ ይዞት የሚመጣውን ምግብ ጠረጠረ፤ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ብረት። መፍትሔውን የገበሬ ልጆች የሆናችሁ ወዲያው ትረዱታላችሁ፤ ዩሪያና ዳፕ ነው! ማዳበሪያውን በትንሽ ፌስታል አድርጎ፣ ፌስታሉን በስቶ፣ ከቁራጭ ብረት ጋር ችግኙ ሥር ቀበረው። ባሕሩ ጠራርጎ አይወስደውም፤ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። የመንደሩ ሴቶች ተከሉ፣ ተንከባከቡ። የዝናብ ጎርፍ በማይደርስበት አሸዋ ላይ ጫካ በቀለ። ቅጠሉ ለበግና ለፍየል መኖ ሆነ።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ፊሊፒንስ ውስጥ ብዙ ችግኝ የተተከለው ውሃው በቅጡ በማይሸሽበት ዝቅተኛ ቦታ ነበር። አብዛኛው ሞተ። የተተከለው ተቆጠረ፤ የጸደቀውን ዞር ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። እባካችሁ፣ ለፎቶ ብላችሁ ጥልቁ ጋ አትትከሉ። ቀዩ ገመድ ከታሰረበት ወደ ባሕሩ አትለፉ። ችግኛችሁ አጠገብ ቁጥር ያለበት እንጨት አለ፤ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰን እንቆጥራለን፤ የሞተውን እንተካለን። ከዛሬው ይልቅ የዚያን ቀን ብትመጡልኝ ደስታዬ ነው።

ጫማችሁን አታውልቁ፤ ጭቃው ውስጥ ስለታም ዛጎል አለ። ጓንቱ እዚያ ነው። በሉ እንጀምር።