«መጀመሪያ ጣቶቹን እዩ»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደሴና ከኮምቦልቻ የደወሉልን አድማጮች በአብዛኛው ያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ የሚወዱት ወይም የማይወዱት ኮከብ ተጫዋች ክፉኛ ሲጎዳ የሚሰማቸው የተደበላለቀ ስሜት። መልስ የሰጡት በደሴ የተጎዱ ስፖርተኞችን ለረጅም ዓመታት ሲያገግሙ የረዱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ ደሴ)፦ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ ከእኛ ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ይዞ የወደቀ ዕለት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር በደስታ ጮኬ ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ጤነኛ ነኝ?

መልስ፦ ጤነኛ ነህ ወንድሜ። ደስ ያለህ ለቡድንህ መንገድ የተከፈተለት መስሎህ ነው፤ እንቅልፍ የነሣህ ደግሞ የወደቀው ሰው መሆኑ ነው። ሁለቱም ስሜት በአንድ ልብ ውስጥ ያድራል። የሆነውን ግን አስታውስ። ሮድሪ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የቀኝ ጉልበቱ መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። ጥቅምት 18 ቀን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን ሲቀበል መድረኩ ላይ የወጣው በክራንች ነው። ሲቲ ያለ እርሱ ተንገዳገደ፤ ዋንጫውን የወሰደው ግን ሊቨርፑል እንጂ አርሰናል አይደለም። ዕድሜህ ከፈቀደ ደግሞ የእናንተው ኤድዋርዶ በ2000 ዓ.ም. በርሚንግሃም ላይ እግሩ ሲሰበር አይተህ ይሆናል። አርሰናል ያን ጊዜ ሊጉን ይመራ ነበር፤ ዓመቱን የጨረሰው ሦስተኛ ሆኖ ነው። ያን ቀን ማዶ ሆኖ የጮኸ ሰው ቢኖር ምን ይሰማህ ነበር? ኀፍረትህን አትጥላው።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ)፦ የሰፈራችን ኮከብ ለተሻለ ገንዘብ ሌላ ቡድን ሄዶ ነበር። አሁን ጉልበቱ ተጎድቶ እናቱ ቤት ተኝቷል። ብዙው ሰው «ይበለው» ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። ልጠይቀው ብሄድ ምን ብዬ እገባለሁ?

መልስ፦ «አብሽር» ብለህ ግባ፤ ዛሬውኑ። ጉልበቱን ግን አትንካ፣ ሌላም ሰው እንዲያሽለት አትፍቀድ። የተበጠሰ ጅማት በማሸት አይቀጠልም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ ሎስ አንጀለስ ይኖራል፤ የቤዝቦል ቡድኑ የዶጀርስ ተጫዋች የሾሄይ ኦታኒ ደጋፊ ነው። ክርኑ ሲጎዳ እንደ ዘመድ አለቀሰለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያው ሰው ኳስ መታ ብሎ በስልክ ይጨፍርልኛል። ክርኑ የተጎዳ ሰው እንዴት ይመታል?

መልስ፦ ቤዝቦል ከእኛ ሩቅ ነው፤ ጅማት ግን የትም ጅማት ነው። ኦታኒ ወርዋሪም መቺም ነው። የተጎዳው በክርኑ በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ሲሆን፣ መምታት ያንን ጅማት እንደ መወርወር አይወጥረውም። በመስከረም 2011 እና በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። በሁለተኛው ማግስት በነበረው የውድድር ዓመት አንድም ኳስ ሳይወረውር፣ እየመታ ብቻ፣ ቡድኑ ዋንጫ አነሣ። ወንድምህ ማልቀሱም መጨፈሩም ልክ ነው። ይህ ዓይነቱ ቀዶ ጥገና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው ቶሚ ጆን ለተባለ ወርዋሪ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ነው፤ እኛ አገር ንጉሡ ከሥልጣን በወረዱበት በዚያው ወር። ከዚያ በፊት ይህ ጉዳት የወርዋሪ መጨረሻ ነበር። አንተ ግን ይህን ያዝልኝ፦ በ700 ሚሊዮን ዶላር የተፈረመ ክንድ እንኳን እንደገና ለመወርወር እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ጠብቋል። ከ20 ወር በላይ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ፣ አንዲት እናት)፦ ላበጠ ጉልበት በረዶ ነው ወይስ ሙቅ ውሃ?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በረዶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝለት እናቴ።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ የሰፈር ቡድን አስተባባሪ ነኝ። ዋናው አጥቂያችን ከትናንት በስቲያ ሲወድቅ እግሩ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ወጌሻ ጋ ወሰድነው፤ አሽተው በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው አሰሩለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍጻሜ አለብን። ደጋፊው «በመርፌም ቢሆን ይጫወት» ይላል። ልጁ ያሳዝነኛል፤ ዋንጫውንም እፈልጋለሁ። እግሬ ደነዘዘ ካለን ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

መልስ፦ ሬዲዮኑን ተወውና ወደ ልጁ ሩጥ! መጀመሪያ ጣቶቹን እይ። ቀዝቅዘዋል? ገርጥተዋል ወይስ ጠቁረዋል? ማንቀሳቀስ አቅቶታል? ጣቶቹን ቀና ስታደርግለት ይጮኻል? አንዱ እንኳን ካለ ማሰሪያውን አሁኑኑ አላላ፤ ወጌሻው ይቆጡኛል ብለህ አትፍራ። እግሩን ከፍ አድርገህ አትስቀል። ባጃጅም ሆነ አምቡላንስ፣ ያገኘኸውን ይዘህ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሰው። ነገ አትበል። ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየ ላይመለስ ይችላል። ሁለቱን ሰዓት አንተው ነግረኸኛል።

የቀራችሁት ስሙኝ፤ ይህን ሺህ ጊዜ ብናገርም አልሰለችም። ወጌሻዎችን አልንቅም፤ አያቶቻችን የተጠገኑት በእነርሱ እጅ ነው። ነገር ግን የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያብጣል። ቀርከሃው አይለጠጥም፤ እግሩ ማበጡን አያቆምም። ያኔ የሚጨመቀው የደም ሥሩ ነው። ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አይቻለሁ። ያስቆረጠው ስብራቱ አልነበረም፤ ስብራቱ በጄሶ ይድን ነበር። ያስቆረጠው ማሰሪያው ነው። አባቱ «ሲያመው እየጠገነ ነው ብለን ነው» አሉኝ። ሕመሙ የጥገና ምልክት አይደለም! ከታሰረ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ሕመም እግሩ እየሞተ መሆኑን የሚነግር ጩኸት ነው።

ማሸቱም እንዲሁ። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ስንጥሩ ሥጋውን ይወጋል፤ ውስጥ ለውስጥ የሚደማው ይብሳል። መርፌው ደግሞ ሕመሙን ዝም ያሰኛል እንጂ አጥንቱን አይገጥምም፤ ልጁ ሳያውቀው በስብራት ላይ ይሮጣል። ደጋፊ ማዘኑን፣ መናደዱን፣ ዋንጫ መመኘቱን አልከለክልም፤ ምኞቱ ግን በልጁ እግር ላይ እንዲወስን አልፈቅድም። ልጁ በዚህ እግር ገና አርሶ፣ ሠርቶ፣ ልጅ ተሸክሞ ይሄዳል። በፍጻሜው ሌላ አጥቂ አሰልፉ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ታናሽ ወንድሜ የጉልበት ጅማቱ በቀዶ ጥገና ከተሠራ አምስት ወሩ ነው። ምንም አያመውም። ደሴ ሲመጣ የጦሳን ተራራ ወጥቶ ይወርዳል። ደጋፊዎች ግን አልጫወትም ስላለ «ፈሪ» ይሉታል።

መልስ፦ ፈሪ አይደለም፤ አስተዋይ ነው። አዲሱ ጅማት ሕመም ስለሌለ ጠነከረ ማለት አይደለም። ከ9 ወር በፊት መመለስ ዳግም የመበጠስ አደጋን ከፍ እንደሚያደርግ ጥናቶች አሳይተዋል። ሮድሪ ያ ሁሉ ሐኪም ከቦት የተመለሰው ግንቦት 12 ቀን ነው፤ ልክ በስምንት ወሩ፣ ለዚያውም ለጥቂት ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ። ከተመለሰ በኋላም ሌሎች ጉዳቶች አስቸግረውታል። ወንድምህ በአንድ እግሩ ሲዘል የተጎዳው ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ ካልደረሰ ሜዳ አይግባ። ጦሳን መውረዱን ይተው፤ ቁልቁለት ጉልበትን ከዳገት ይልቅ ይጎዳል። ቁርጡን የሚነግረው ግን ያከመው ሐኪም ነው፤ እርሱ ጋ ይሂድ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ሜዳ ላይ ተኝቼ የገዛ ደጋፊዎቻችን ሲስቁ ሰምቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ አልተኛም፣ አልበላም፣ ከቤት አልወጣም። አንዳንዴ ባልኖር ይሻላል እላለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ስለደወልክ አመሰግንሃለሁ። የሳቁት አንተን አያውቁህም፤ ያዘኑልህ ደግሞ ደፍረው በርህን አላንኳኩም ይሆናል። ጉልበትህን እኔ አየዋለሁ። ይህኛው ሕመም ግን የእኔ ሙያ አይደለም፤ ሐኪም አለው፣ ይታከማልም። ዛሬ ከቤተሰብህ ለምታምነው ሰው ያልከኝን ቃል ሳትቀንስ ንገረው፤ ዛሬ ማታ ብቻህን አትደር። ሰኞን ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ስልክህን አትዝጋ፤ ከዚህ እንደወጣሁ እደውልልሃለሁ።