ዝም ብላችሁ አትጥፉ፦ ሐዋሳ ላይ ለአዲስ የማስተርስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ውድ ተማሪዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

እንኳን ደህና መጣችሁ። የመግቢያ ፈተናውን አልፋችሁ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ለምናችሁ፣ ልጅ ለአያት ትታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ከዲላ፣ ከይርጋለም፣ ከሻሸመኔ የምትመላለሱም አላችሁ። ዛሬ ስለ ደንብ የማወራው ላስፈራራችሁ አይደለም። ይህ ሁሉ ልፋት በአንድ ፎርም ምክንያት እንዳይባክን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዝም ብላችሁ አትጥፉ።

እኔ እንዳየሁት፣ ማስተርስ ጀምረው ከማይጨርሱት ብዙዎቹ ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም። ሥራ ይቀየራል፣ ወሊድ ይመጣል፣ እናት ትታመማለች፣ ገንዘብ ያጥራል። ያኔ ለአንድ መምህር በስልክ ነግረው ይሄዳሉ። የተማሪ መዝገብ የሚይዘው ቢሮ፣ ሬጅስትራር፣ ግን በስልክ የተባለውን አያውቅም። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ፣ ክሊራንስ (ከዕዳና ከንብረት ነፃ መሆኑን ማረጋገጫ) ጨርሶ የወጣ ሰው ነገሩ ሲስተካከልለት ሪአድሚሽን፣ ማለትም ተመልሶ መግባት፣ ይጠይቃል፤ መንገዱ ክፍት ነው። ሳይሞላ የቀረው ግን የጀመራቸው ኮርሶች ውጤት አልባ ሆነው ይጠብቁታል። ለመመለስ ሲመጣ ያንን ሁሉ ማስረዳት አለበት። እባካችሁ፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ፎርሙን ሙሉ። ማኅተም ያለበትን ኮፒም ቤታችሁ አስቀምጡ።

ምዝገባ በየሴሚስተሩ ነው። ኮርስ አልቆ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ላይ ስትደርሱ ክፍል መግባት ይቀራል፤ ምዝገባው ግን አይቀርም። ቴሲስም የሚመዘገቡበት ትምህርት ነው። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። ዳታ ለመሰብሰብ ወረዳ ለወረዳ ስትዞሩ እንኳ የምዝገባውን ቀን አትርሱ።

ወደ ውጤት ልምጣ። በመጀመሪያ ዲግሪ አማካይ ውጤት 2.00 ይዞ መመረቅ ይቻላል። እዚህ 3.00 ያስፈልጋል። ቢ 3 ነጥብ ነውና፣ ይህ ማለት ቢ መሬቱ ነው ማለት ነው። ሲ 2 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ ያገኘ ሰው ወደ 3.00 ለመመለስ በሌላ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ኤ ማምጣት አለበት። ማስተርስ ላይ ደግሞ ኮርሱ ጥቂት ነው፤ ማካካሻ ቦታው ጠባብ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር "ቀስ እያልኩ እገባበታለሁ" አትበሉ። ስንት ሲ እንደሚፈቀድ፣ ማስጠንቀቂያ መቼ እንደሚሰጥ የሴኔት ሌጂስሌሽኑ (የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ) ላይ ተጽፏል። የድህረ ምረቃውን ክፍል ራሳችሁ አንብቡት፤ ከሲኒየር በወሬ አትቀበሉት።

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት (ተቋሙ ራሱ የሚልከው የውጤት ማስረጃ) ጉዳይም አለ። ከተማራችሁበት ተቋም በቀጥታ ወደ ሬጅስትራር መላክ አለበት። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ሰው እሱን ሳያጣራ ኦፊሺያል አይላክለትም። ከደመወዛችሁ ሲቆረጥ የቆየ ከሆነ ማስረጃውን ከአሁኑ ያዙ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከዚሁ ጊቢ የተመረቃችሁት ገና ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ነው፤ ስሙ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ዲግሪያችሁ ላይ ያለው የድሮ ስም አያሳስባችሁ፣ ተቋሙ ያው ነው።

አሁን ወደ ባልደረቦቼ ልዙር። ተማሪው ቀን ካለፈበት እንቀጣዋለን። የላከልንን ምዕራፍ ወራት ይዘን ስንቆይ ግን የሚያልፈው የእሱ ሴሚስተር ነው፣ የሚከፍለውም እሱ ነው። ይህ ልክ አይደለም። አስተያየታችንን በጊዜ እንስጥ፤ ካልቻልን ተማሪውን ለሌላ አማካሪ እንልቀቀው። እናንተም ተማሪዎች፣ ምዕራፍ ስታስረክቡ በኢሜይል አድርጉት፤ መቼ እንደላካችሁ ይታወቃል። መልስ ሲዘገይ ትምህርት ክፍሉን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብታችሁ ነው።

የሬጅስትራር ባልደረቦች እዚሁ አዳራሽ አሉ። ኦፊሺያል ያልተላከለት፣ ስሙ ዲግሪው ላይና መታወቂያው ላይ የሚለያይ ሰው ዛሬውኑ ያናግራቸው። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።