530 ያርድ ተጉዞ 12 ነጥብ፦ የማጥቃት ክፍል ጥንካሬ በምን ይለካል?

[በስክሪኑ ላይ፦ ባልቲሞር 530 ያርድ፤ ቴነሲ 300 ያርድ]

ይህን ሠንጠረዥ ብቻ አይታችሁ አሸናፊውን ገምቱ ብትባሉ ባልቲሞር ማለታችሁ አይቀርም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 11 ቀን 2020 ምሽት በባልቲሞር ከተማ የተካሄደ የአሜሪካ ፉትቦል የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ ነው። ባልቲሞር ሬቨንስ ወደዚያ ምሽት የደረሰው 14 ጊዜ አሸንፎ፣ 2 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ እና 531 ነጥብ አስቆጥሮ ነው። በዚያ የውድድር ዘመን ከሊጉ 32 ቡድኖች ይህን ያህል ነጥብ ያስቆጠረ አልነበረም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቴነሲ 28፤ ባልቲሞር 12]

ውጤቱ ይህ ሆነ። ሜሪላንድ የምትኖሩ ተመልካቾቻችን ጎረቤቶቻችሁ በምን ስሜት እንዳመሹ ታስታውሱ ይሆናል።

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ እንናገር። ሜዳው 100 ያርድ ነው፤ 1 ያርድ 91 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል። ከገፋ አዲስ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። መጨረሻው መስመር ድረስ ከዘለቀ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ አለው፤ ተጨማሪ 1 ወይም 2 ነጥብ የሚገኝበት ዕድልም ይከተለዋል። ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ያሳለፈ ደግሞ 3 ነጥብ ያገኛል። ለዛሬው ይህ ይበቃናል።

አሁን ወደዚያ 530 ያርድ እንመለስ። ቁጥሩ ትክክለኛ ነው፤ ችግሩ ያርዶቹ የት እንደተገኙና በምን እንደተቋጩ አለመናገሩ ነው። በ2ኛው ሩብ ባልቲሞር በራሱ 45ኛ ያርድ ላይ፣ ማለትም ከራሱ የመጨረሻ መስመር 45 ያርድ ርቆ፣ በ4ኛ ሙከራ 1 ያርድ ጎደለው። ለመግፋት ሞከረ፣ ተያዘ። ቴነሲ በሚቀጥለው ኳስ ያንኑ 45 ያርድ በአንድ ውርወራ ታችዳውን አደረገው። በ3ኛው ሩብ ባልቲሞር እስከ ቴነሲ 18ኛ ያርድ ዘልቆ፣ ዳግም በ4ኛ ሙከራ 1 ያርድ ጎድሎት ዳግም ተያዘ። ብዙም ሳይቆይ የቴነሲው ዴሪክ ሄንሪ 66 ያርድ ሮጠ፤ ያ የቴነሲ ተራም ከጥቂት ሙከራ በኋላ በታችዳውን ተጠናቀቀ። በዚህ ላይ ባልቲሞር 3 ጊዜ ኳስ አስነጥቋል። ሰፊ ማሳ ያረሰ ሁሉ ጎተራው ይሞላል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የእኔን አቋም ልናገር። የአንድን ቡድን የማጥቃት አቅም በጠቅላላ ያርድ የሚመዝን ሰው ሥራውን ገና አልጀመረም። በጠቅላላ ነጥብ የሚመዝን ትንሽ ይሻላል፤ ግን እርሱም ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ተከላካዮች ኳስ ነጥቀው ያስቆጠሩት ነጥብም ለቡድኑ ይቆጠራል። ትክክለኛው ጥያቄ ቡድኑ ኳስ በያዘበት በእያንዳንዱ ተራ፣ ከተነሳበት ቦታ አንጻር ምን አተረፈ የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ከሞከሩት ቀደምቶች አንዱ በሥራ ላይ የነበረ ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራና ኳስ የሚወረውር ተጫዋች መሆኑ ያስደስተኛል። የሲንሲናቲ ቤንጋልሱ ቨርጂል ካርተር ከሮበርት ማኮል ጋር ሆኖ ከ1969 የውድድር ዘመን ከ8 ሺህ በላይ ሙከራዎችን በኮምፒውተር አስልቶ ውጤቱን በ1971 አሳተመ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሜዳው ላይ ያለ እያንዳንዱ ቦታ ዋጋ አለው። ከዚያ ቦታ የሚነሳ ቡድን በአማካይ ምን ያህል ነጥብ ይጠብቃል?

[በስክሪኑ ላይ፦ የሜዳ ሥዕል፤ ቦታዎቹ ከነግምታቸው ይታያሉ]

በዛሬው ስሌት በራሳችሁ 25ኛ ያርድ ላይ የመጀመሪያ ሙከራ ይዛችሁ ስትቆሙ ቦታው 1 ነጥብ ገደማ ያወጣል። በተጋጣሚ 25ኛ ያርድ ላይ ደግሞ ወደ 4 ይጠጋል። ራሳችሁ መስመር ጥግ ላይ ከተጣበቃችሁ ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቀድሞ የሚያስቆጥረው ተጋጣሚያችሁ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከራሳችሁ 25ኛ ተነስታችሁ በአንድ ውርወራ 50 ያርድ ከተጓዛችሁ 3 ነጥብ ያህል አተረፋችሁ፤ ገና ምንም ሳታስቆጥሩ። እዚያው 25ኛው ላይ ኳስ ብታስነጥቁ ግን የእናንተ 1 ይጠፋል፣ ለተጋጣሚ 4 ይሰጣል። ኪሳራው 5 ነው።

የባልቲሞርን ምሽት በዚህ ሚዛን እንየው። ከመሃል ሜዳ እየተነሱ የተሰበሰቡት ያርዶች ትርፍ አላቸው፤ ነገር ግን የከሸፉት የ4ኛ ሙከራዎችና የተነጠቁት ኳሶች ያንን ትርፍ በጅምላ ይመልሱታል። የያርድ ሠንጠረዡ ይህን ሁሉ አይመዘግብም፤ ወደፊት የተጓዘውን ብቻ ይደምራል።

ሌላው መለኪያ ስኬታማ ሙከራዎችን መቁጠር ነው። በመጨረሻው ሙከራ 2 ያርድ ሲቀር 3 ያርድ መሮጥ ድል ነው፤ 8 ያርድ ሲቀር ያው 3 ያርድ ከንቱ ድካም ነው። ብዙ ተንታኞች በ1ኛ ሙከራ ከሚፈለገው ርቀት 40 በመቶ፣ በ2ኛው ከቀረው 60 በመቶ፣ በ3ኛውና በ4ኛው ሙሉውን ይጠይቃሉ፤ ቁጥሩ ከባለሙያ ባለሙያ ትንሽ ይለያያል። ይህ መለኪያ አንድ ረጅም ውርወራ የሸፈነውን ድክመት ያጋልጣል።

ከዚያ ሁኔታው አለ። በዚያ የውድድር ዘመን የሬቨንሱ ኳርተርባክ ላማር ጃክሰን በ15 ጨዋታ 401 ጊዜ ነበር የወረወረው፤ በአንድ ጨዋታ 27 ገደማ ማለት ነው። ቡድኑ የሚኖረው በሩጫ ነበር፤ 3,296 ያርድ በመሮጥ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ቴነሲ 14 ለ 0 ሲመራ ግን ሰዓቱ ለሩጫ አልመች አለና ጃክሰን ያን ምሽት 59 ጊዜ ወረወረ። የተወሰነው ያርድ የመጣው ውጤቱ ከራቀ በኋላ፣ ተከላካዮች አጭሩን ፈቅደው ረጅሙን ብቻ በሚጠብቁበት ሰዓት ነው። ስለዚህ እኔ አንድን ቡድን ስመዝን ልዩነቱ ጠባብ በሆነበት ሰዓት የተጫወተውን ለይቼ አያለሁ።

የተጋጣሚውን ጥንካሬ ያልቆጠረ ሚዛንም ጎዶሎ ነው። ዴንቨር ብሮንኮስ በ2013 የውድድር ዘመን በ16 ጨዋታ 606 ነጥብ አስቆጠረ፤ ኳርተርባኩ ፔይተን ማኒንግ 55 የታችዳውን ውርወራዎች ነበሩት። በሱፐር ቦውሉ፣ ማለትም በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ የጠበቀው ሲያትል ሲሃውክስ ከሊጉ ሁሉ ጥቂት ነጥብ ያስቆጠሩበት ቡድን ነበር። ማኒንግ ያን ዕለት 34 ውርወራዎችን አገናኘ፤ ለጊዜው የሱፐር ቦውል ክብረ ወሰን ነበር። ዴንቨር 43 ለ 8 ተሸነፈ። ከ49 ሙከራ የተገኘው 280 ያርድ ብቻ ነውና እያንዳንዱ ውርወራ በአማካይ 6 ያርድ እንኳ አልሞላም። ሲያትል አጭሩን እየፈቀደ፣ ከማኒንግ ፊት የሚቆሙትን 5 ግዙፍ ተጫዋቾች እየጣሰ አስቸኮለው።

ታዲያ ባልቲሞር በዚያ በ2019 የውድድር ዘመን ደካማ ነበር? በፍጹም። 16 ጨዋታ ከአንድ ምሽት የበለጠ ይመሰክራል፤ በ2020ም ቡድኑ እንደገና ከ3,000 ያርድ በላይ ሮጧል።

የሚያከራክረው የተነጠቀ ኳስ ነው። ከእጅ የወደቀ ኳስ መሬት ላይ ሲንከባለል ማን እንደሚያነሳው በአብዛኛው ዕድል ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ስታቲስቲክስ ሠሪዎች ቅጣቱን ይቀንሱለታል። እኔ የማንሳቱን ዕድል እቀበላለሁ፤ የመጣሉን ግን አልምርም። ሬቨንስ በ2024 ያንኑ ዴሪክ ሄንሪን አስፈርሞ፣ እርሱም 1,921 ያርድ ሮጦ፣ ቡድኑ በአንድ የውድድር ዘመን ከ4,000 በላይ በውርወራ ከ3,000 በላይ በሩጫ ያስመዘገበ የሊጉ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። በጃንዋሪ 2025 በቡፋሎ ሜዳ 27 ለ 25 ሲሸነፍ 3 ጊዜ ኳስ አስነጥቆ ነበር፤ ቡፋሎ አንድም ጊዜ አላስነጠቀም።